ላጤ ሆኖ ውድ ከተማ መግባት፦ ሻንጣ ከመሸከፍ በፊት የሚሰራ ሂሳብ

"ላጤ ሆኜ ኪራይ ውድ የሆነበት ከተማ ልግባ ወይስ ልቅር" ብሎ ሰው ሲጠይቅ ግማሹ "ሂድ ባክህ፣ ወጣትነት አንዴ ነው" ይላል፣ ግማሹ ደግሞ "አበድክ እንዴ፣ ደሞዝህን ለአከራይ ልትገብር?" ይላል፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለራሳቸው ነው። እኔ ነገሩን የማየው እንዲህ ነው፣ ውድ ከተማ ላይ ኪራይ ስትከፍሉ መግቢያ እየከፈላችሁ ነው፣ ከተማው ውስጥ ላለው ስራ፣ ላለው ሰው፣ ለትምህርቱ፣ ለማታው። መግቢያውን ከከፈላችሁ በኋላ ውስጥ ያለውን የምትጠቀሙበት ገንዘብና ሰዓት ካልተረፋችሁ በቃ በር ላይ ቆማችሁ ነው የምትኖሩት። ስለዚ ከተማው አሪፍ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ አሪፍማ ነው። ከኪራይ በኋላ ምን ይተርፈኛል፣ የተረፈውስ እዛ ያለውን ነገር ለመቅመስ ይበቃል ወይ ነው ጥያቄው፣ ከዚ በታች ያለው ሁሉ እሱን ለማወቅ ነው።

ለምን እንደምትሄዱ በአንድ መስመር ጻፉት

ወረቀት ላይ፣ ስልክ ላይ፣ የትም። "ለውጥ ፈልጌ ነው" አይቆጠርም። "በሙያዬ ከኔ የበለጡ ሰዎች ስር መስራት እፈልጋለሁ" ይቆጠራል፣ "ያለሁበት ቦታ በኔ እድሜ ያላገባ ሰው አልቆ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ" ይቆጠራል፣ "ማንም ሳያውቀኝ እንደራሴ መኖር እፈልጋለሁ" እሱም በደንብ ይቆጠራል። "ከፍቅረኛዬ ተለያይቼ መንገድ ላይ መገጣጠሙ ስለሰለቸኝ" የሚል ደግሞ አለ፣ እሱ ካላችሁበት ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው ግን ውድ ከተማ ለመግባት አይደለም፣ ለሱማ ርካሹም ይበቃል።

መጻፉ ለምን ይጠቅማል መሰላችሁ፣ ከሩቅ ስናይ ዓይናችን ልዩ የሆነው ነገር ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው። ዴቪድ ሽኬድና ዳንኤል ካኔማን በፈረንጅ 1998 ያወጡት ጥናት አለ (ከዚ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው)፣ ካሊፎርኒያ ያሉና አሜሪካ መሀሉ ላይ ያሉ ተማሪዎችን በህይወታችሁ ምን ያህል ረክታችኋል ብለው ሲጠይቁ የሁለቱም መልስ ያው ሆነ፣ ግን "እንደናንተ ያለ ሰው እዛኛው ጋ ቢኖርስ" ሲባሉ ሁለቱም ወገን ካሊፎርኒያ ያለው ይበልጥ ደስተኛ ነው ብለው ገመቱ፣ የአየሩን ነገር እያሰቡ። ፎቶ ላይ ህንጻው በመብራት ይታያል፣ ማክሰኞ ማታ ከስራ ደክሞ ገብቶ የታጠበ ልብስ የሚሰጣበት ቦታ አጥቶ በር ላይ መስቀል አይታይም። እዛ የምትኖሩት ደግሞ በአብዛኛው ማክሰኞ ነው።

ሂሳቡ፣ ያውም የብቻ ሰው ሂሳብ

ብር ዶላር ዩሮ ምናምን ትተን ደሞዛችሁን 100 እናድርገው፣ ታክስ ተቆርጦ እጃችሁ ላይ የሚገባው ማለቴ ነው። አሁን ባላችሁበት ኪራይ 25፣ ምግብ ትራንስፖርት ስልክ መብራት 35፣ ይተርፋል 40። አዲሱ ከተማ 140 ሰጣችሁ እንበል። ዋው ይባላል፣ ቤተሰብም ይደሰታል። ብቻችሁን የምትኖሩባት ጠባብ ስቱዲዮ 70፣ ሌላው ወጪ 50፣ ይተርፋል 20። ደሞዙ በ40 ፐርሰንት አድጎ የሚተርፋችሁ በግማሽ ወረደ ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ኦፈር ሌተሩን ፈርሞ ከገባ በኋላ ነው ይሄ የሚገባው።

አሁን እዛው ከተማ ባለ አንድ መኝታ ቤት 84 ነው እንበል። ጥንዶች ገብተውበት 42፣ 42 ይካፈላሉ። እናንተ ደግሞ ከሌሎች ጋር ቤት ሼር አድርጋችሁ አንድ ክፍል በ42 አገኛችሁ እንበል። ያው ቁጥር ነው፣ ግን እነሱ ሙሉ ቤት አላቸው፣ እናንተ አንድ ክፍልና ፍሪጅ ውስጥ ስማችሁ የተለጠፈበት አንድ መደርደሪያ። ብቻችሁን ልኑር ካላችሁ ደግሞ ኢንተርኔቱም መብራቱም የቤት እቃውም ሙሉው በናንተ ነው፣ የሚካፈል የለም። ላጤነት ላይ የተጣለ ታክስ በሉት።

ግን ሼር ስታደርጉ 140 ሲቀነስ 42 ሲቀነስ 50፣ 48 ይተርፋል፣ ከድሮው 40 ይበልጣል። ስለዚ መጀመሪያ የምትወስኑት ስለ ከተማው ሳይሆን ስለ ሩምሜት ነው፣ ከሌላ ሰው ጋር ሻወር ተጋርታችሁ ሁለት ሶስት ዓመት መኖር ትችላላችሁ ወይ? ካልቻላችሁ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩና በ20ው አስሉ። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ነው የሚጎዳው፣ ሂሳቡን በሩምሜት ይሰራና ከሶስት ወር በኋላ አልቻልኩም ብሎ ስቱዲዮ ይገባል።

"ኪራይ ከገቢ 30 ፐርሰንት አይለፍ" የሚለውን ሁሉም ሰው ይደጋግመዋል። ከየት እንደመጣ ስታውቁ ትንሽ ይቀላችኋል፣ አሜሪካ ውስጥ በ1969 ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ባመጡት ማሻሻያ የመንግስት ቤት ተከራይ ከገቢው ሩብ በላይ እንዳይከፍል ጣሪያ ተደረገ፣ በ1981 ወደ 30 ከፍ አለ። በቃ፣ ለደሃ ተከራይ የተበጀ ጣሪያ ነው፣ የናንተን ኑሮ አይቶ ያሰላው ሰው የለም። ገቢያችሁ ከፍ ካለ 45 ፐርሰንት ከፍላችሁ ደህና ልትኖሩ ትችላላችሁ፣ ገቢያችሁ ትንሽ ከሆነ 30ውም ያስርባል። የሚበጀው ከታች ጀምሮ ማሰብ ነው፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ህክምና፣ እዳ ካለ እዳ፣ ለቤተሰብ የምትልኩት ካለ እሱ (እሱን ተዉት ብሎ የሚመክራችሁን አትስሙ፣ እንደማትተዉት ታውቃላችሁ)፣ ቁጠባ፣ ከዛ በሳምንት ሁለቴ ከቤት ወጥቶ ከሰው ጋር መቀመጫ። ይሄን ሁሉ ቀንሳችሁ የቀረው ነው የምትችሉት ኪራይ። በዛ ዋጋ የሚኖርበት ክፍል ካለ ይቻላል፣ ከሌለ አይቻልም።

የሁለቴ መውጫውን መጨረሻ ላይ ቆርጠው የሚያወጡት ብዙ ናቸው፣ "ቤት እቀመጣለሁ፣ እቆጥባለሁ" ይላሉ። እዛው ቤት ለመቀመጥ ከሆነ አሁን ያለው ቤታችሁ ምን አደረጋችሁ? ሰፊ ነው፣ ርካሽ ነው።

ለመግባት ብቻ የሚጠፋው

ወርሃዊው ሂሳብ ቢሞላም የመጀመሪያው ወር አለ። ዲፖዚት፣ የመጀመሪያ ወር ኪራይ፣ ደላላ ወይ ኤጀንት፣ ፍራሽ፣ ድስት፣ እና ደሞዝ እስኪገባ የምትበሉት። ይሄ ከከተማ ከተማ በጣም ይለያያል፣ ጀርመን ውስጥ ህጉ ዲፖዚቱን እስከ ሶስት ወር ኪራይ ይፈቅዳል፣ እንግሊዝ ከ2019 ጀምሮ ለአብዛኛው የመኖሪያ ኪራይ ከአምስት ሳምንት እንዳይበልጥ ተደርጓል፣ ቶኪዮ ደግሞ ለባለቤቱ እንደ ስጦታ የሚሰጥ የማይመለስ ክፍያ ያለባቸው ቤቶች አሉ። ኒውዮርክ ብዙ አከራይ ዓመታዊ ገቢያችሁ የወሩን ኪራይ 40 እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። 12ን ለ40 ብታካፍሉት 30 ፐርሰንት ነው፣ ያቺው የ30 ፐርሰንት ቁጥር ዞራ መጣች ማለት ነው፣ ያውም ታክስ ሳይቆረጥ። ጥንዶች ሁለት ደሞዝ ደምረው ያልፏታል፣ ብቻውን ያለ ሰው ገቢው የሚበልጥ ዋስ ፈልግ ይባላል። ስለዚ የምትሄዱበት ከተማ ላይ "ዋስ ያስፈልጋል ወይ፣ ማን ዋስ ይሆነኛል" የሚለውን ቤት ከመፈለግ በፊት ጨርሱ፣ ዋስ የሚሆን ሰው ስልክ ደውሎ መለመን የሚያሳፍረው ቁልፉን ሊሰጧችሁ ሲሉ ከሆነ ነው።

መጠባበቂያ ላይ የኔ አቋም ጠንከር ይላል። ከሶስት እስከ ስድስት ወር ወጪ ያስቀምጡ ይባላል፣ ላጤ ስድስቱን ይያዝ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ጥንዶች አንዱ ስራ ቢያጣ ሌላው ቤቱን ይዞ ይቆያል፣ እናንተ ስራ ያጣችሁ ቀን የቤቱ ገቢ ዜሮ ነው። ስድስት ወር ስል ደግሞ በአዲሱ ከተማ ወጪ ነው፣ አሁን ባላችሁበት ስድስት ወር የሚያኖራችሁ ብር እዛ ሶስት ላይሞላ ይችላል። ይሄ ብር ከሌላችሁ አትሂዱ አላልኩም፣ አንድ ዓመት ቆዩና ሂዱ ነው የምለው። ስራ አግኝታችሁ ቢሆንስ? ስራውን ለማግኘት ተብሎ ያለ ስራ ሄዶ መፈለግና ተቀጥሮ መሄድ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፣ ተቀጥራችሁ ከሆነ ሶስት ወርም ይዛችሁ መሞከር ትችላላችሁ፣ ድርጅቱ የማዛወሪያ ወጪ ይከፍል እንደሆነ መጠየቅንም አትፍሩ፣ ካልጠየቃችሁ ማንም ተነስቶ አይሰጣችሁም።

እና በናታችሁ፣ ቤቱን ሳታዩ ወይ የምታምኑት ሰው ሄዶ ሳያይላችሁ ዲፖዚት እንዳትልኩ። ዋጋው ከሰፈሩ ወረድ ያለ፣ ፎቶው የሚያምር፣ ባለቤቱ "ለስራ ውጭ ሀገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ" የሚል ከሆነ ቤቱ የለም። ይሄ ያረጀ ማጭበርበሪያ ነው ግን ቤት ፍለጋ ሰው ሲጨንቀው አሁንም ይሰራል። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ወር ለጊዜው የሚከራይ ክፍል ይዞ እዛው ሆኖ መፈለጉ ውድ ቢመስልም ይረክሳል።

ስራው በእውነት ይሻላል ወይ

ለሁሉም አይደለም፣ ይሄን በግልጽ የሚናገር ሰው ትንሽ ነው። ሆርሄ ዴ ላ ሮካና ዲዬጎ ፑጋ የስፔን ሰራተኞችን ለዓመታት ተከታትለው በ2017 እንዳሳተሙት እንደ ማድሪድና ባርሴሎና ያሉ ትልልቅ ከተሞች ላይ የተሰራ የስራ ልምድ ይበልጥ ዋጋ ያወጣል፣ ደስ የሚለው ደግሞ ሰውየው ከከተማው ሲወጣም አብሮት ይሄዳል። ስለዚ አምስት ዓመት ቆይታችሁ ብትመለሱ የከፈላችሁት ኪራይ ሁሉ አልባከነም። እዛ ስትገቡ ወዲያው የሚጨመርላችሁ ደሞዝ አንድ ነገር ነው፣ እዛ ቆይታችሁ የምትማሩት ግን በየዓመቱ ነው የሚከማቸው፣ ስለዚ የስድስት ወር ሙከራ ስለ ስራ ብዙ አይነግራችሁም።

በሌላ በኩል ፒተር ጋኖንግና ዳንኤል ሾግ በዛው በ2017 አሜሪካ ላይ ያሳዩት አለ። የድሮውን ዘመን ስታዩ ጠበቃውም ጽዳት ሰራተኛውም ኒውዮርክ አካባቢ ሄዶ የቤት ወጪ ተቀንሶም ይተርፈው ነበር፣ አሁን ለጠበቃው ነው እንጂ ለጽዳት ሰራተኛው አይሆንም፣ ኪራዩ ጭማሪውን በልቶ ያልፋል። ስለዚ ስራችሁ የትም ቦታ በተመሳሳይ መልኩ የሚሰራ፣ ከዓመት ዓመት ብዙ የማይቀየር ከሆነ ውድ ከተማ ላይ ሄዳችሁ የምትሰሩት ለአከራዩ ነው። ስራችሁ ከሰው የሚቀሰም፣ በየጊዜው ከፍ የሚል ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ቀላል መፈተኛ ልስጣችሁ። አሁን የሚቀጥራችሁን ድርጅት እርሱትና እዛው ከተማ ውስጥ ነገ ሊቀጥሯችሁ የሚችሉ ሌሎች አምስት ቦታዎችን በስም ጻፉ። ከሁለት ካላለፋችሁ የምትሄዱት ወደ አንድ ድርጅት ነው፣ ከተማው አጃቢ ነው፣ ያ ድርጅት ሰው የቀነሰ ቀን ውድ ኪራይ ይዛችሁ ቁጭ ነው። ሙሉ በሙሉ ከቤት በኦንላይን የምትሰሩ ከሆናችሁ ደግሞ የስራውን ምክንያት ከወረቀቱ ላይ ሰርዙት፣ ለሰውና ለኑሮ ብላችሁ ከሆነ ሂዱ ግን ለካሪየሬ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትሸውዱ።

ሰው፣ ማለትም ዋናው ጉዳይ

ወደ ትዳር ስንመጣ ሰው ያፍራል እንጂ ግማሹ የሚሄደው ለዚህ ነው፣ አያሳፍርም። የዴንማርክን መረጃ ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች፣ ጎቲየር፣ ስቫረርና ቶይሊንግስ፣ በ2010 ያሉት ይሄን ነው፣ ላጤዎች ሰው በብዛት የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ውዱን ከተማ ይመርጣሉ፣ ካገቡ በኋላ ብዙዎቹ ይወጣሉ፣ መግቢያውን የሚከፍሉት እስኪያገኙ ድረስ ነው። እንግዲ ሳታውቁት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው እያሰባችሁ ያላችሁት።

ግን ብዛት ብቻውን አያገባም። አንደኛ፣ ወንድና ሴት እኩል አይደለም። ብዙ ያደጉ አገሮች ከተማ ላይ በወጣትነት እድሜ ሴቶች ይበዛሉ፣ ኢኮኖሚስቷ ሊና ኤድሉንድ በ2005 ጽፋበታለች፣ የቴክኖሎጂ ስራ የሚበዛባቸው ከተሞች ላይ ደግሞ ወንዱ ይበዛል። ስለዚ የምትሄዱበትን ከተማ የህዝብ ቁጥር በእድሜና በጾታ ማየት ነው፣ ከመንግስት የስታቲስቲክስ መስሪያ ቤት ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይገኛል፣ ደረቅ ነገር ነው ግን ከማንም ወሬ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ከተማው ሰፊ ከሆነ ሰውም ሰፊ ነው፣ የፍቅር መተዋወቂያ አፕ ላይ የተገናኛችሁት ሰው ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ይኖርና ሁለት ጊዜ ባቡር ቀይራችሁ ስትደርሱ "ትንሽ አርፍጃለሁ፣ ሌላ ቀን ብናደርገው" ይላችኋል። ምርጫ ሲበዛ ሁሉም ሰው የተሻለ ይመጣል ብሎ አንድ እግሩን ውጭ ያደርጋል፣ እናንተም ጭምር። ይሄን ምሬት ትልቅ ከተማ ላይ ከሚኖር ላጤ ሁሉ ትሰማላችሁ፣ ያጋነኑታል ግን አይዋሹም።

ሶስተኛውን እኔ ከሁሉም አስበልጠዋለሁ፣ ጓደኛ። ያለ ጓደኛ ዴት ማድረግ ስራ ፍለጋ ይሆናል፣ ማታ ቤት ገብታችሁ የምትተርኩለት ሰው የለም፣ ደግሞም ብዙ ጥንድ አሁንም በሰው በኩል ነው የሚተዋወቀው። ጄፍሪ ሆል የሚባል የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2018 እንዳወጣው ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሄድ አብሮ ማሳለፍ 50 ሰዓት ገደማ፣ ጓደኛ ለመባል 90፣ የቅርብ ጓደኛ ለመሆን ከ200 በላይ ይወስዳል። አሁን አስሉት፣ ከአንድ ሰው ጋር በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትገናኙ 50ውን ለመሙላት ግማሽ ዓመት ነው፣ 200ውን ለመሙላት ወደ ሁለት ዓመት። በየሳምንቱ አዲስ ሰው እየተዋወቁ "እንገናኝ" ተባብሎ መለያየት ሰዓት አይሞላም። ስለዚ ሰዉ የማይለዋወጥበት፣ በሳምንት አንዴ በተወሰነ ቀን የሚደረግ ነገር ውስጥ መግባት ነው፣ መዘምራን ይሁን፣ ኳስ ይሁን፣ ቋንቋ ትምህርት፣ በጎ ፈቃድ፣ የእምነት ቦታ፣ ምንም ይሁን። ከመሄዳችሁ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ፈልጋችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ያዙ፣ የደረሳችሁበት ሳምንት ሂዱ። ቤት ካስተካከልኩ በኋላ ያለ ሰው ቤት አስተካክሎ አይጨርስም።

እዛው ላይ አሁን ያላችሁንም ቁጠሩት። ሲያማችሁ ሾርባ ይዞ የሚመጣ ሰው ካላችሁበት ቦታ ተነስታችሁ እየሄዳችሁ ነው፣ ሌላ ቦታ ያንን ለመገንባት ሁለት ዓመት ነው ካልን በኪራዩ ሂሳብ ላይ ያልገባ ትልቅ ወጪ ነው። እዛ ከተማ አሁን አንድ የምር ጓደኛ ወይ ዘመድ ካላችሁ ከሌለው ሰው ሁለት ዓመት ቀድማችኋል፣ ውሳኔው ላይ ክብደት ስጡት።

ርካሽ ሰፈር የሚባለው ወጥመድ

"ዳር ወጥቼ እከራያለሁ፣ በባቡር እገባለሁ" የሚል ሰው ሁሌ አለ። አንዳንዴ ትክክል ነው። አሎይስ ሽቱትሰርና ብሩኖ ፍራይ የጀርመን ሰዎችን መረጃ አይተው በ2008 እንዳሳዩት ግን ረጅም መንገድ የሚመላለስ ሰው በህይወቱ ያለው እርካታ ዝቅ ይላል፣ ርካሽ ቤቱም የተሻለ ደሞዙም አይክሰውም። ላጤ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ባለትዳሩ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ቤቱ ሰው ያገኛል፣ እናንተ ግን የምትፈልጉት ሰው መሀል ከተማ ነው ያለው፣ ማታ አንድ ጊዜ ቤት ከገባችሁ ተመልሳችሁ አትወጡም። የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት ነው የሚለውን ከኪራዩ ጋር እኩል እዩት። ባቡሩ አምስት ሰዓት ላይ የሚቆም ከሆነ አራት ሰዓት ላይ "እኔ ልሂድ" የምትሉት ሁሌ እናንተ ናችሁ። ትንሽ ክፍል ቅርብ ቦታ፣ ሰፊ ክፍል ሩቅ ቦታ ከተባለ ለላጤ ትንሿን እመርጣለሁ፣ ልጅ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ሌላ እለው ነበር።

ሄዳችሁ ሞክሩት፣ ግን እንደ እንግዳ አይደለም

ለአንድ ሳምንት ሂዱ፣ ከቻላችሁ አየሩ በሚከፋበት ወር፣ በበዓል ሰሞን አይሁን። ልትከፍሉ በምትችሉት ሰፈር እደሩ፣ ጓደኛችሁ መሀል ከተማ ባለው ቆንጆ ቤት ተጋብዛችሁ ከተማውን አየሁት አትበሉ። ጠዋት ሰው ስራ በሚገባበት ሰዓት ያንን ባቡር ወይ አውቶብስ ተሳፍራችሁ ልትሰሩበት እስከምታስቡት ቦታ ሂዱና ተመለሱ። ምግብ ከሱቅ ገዝታችሁ ራሳችሁ ስሩ። አንድ ማታ ደግሞ ሆን ብላችሁ ማንንም ሳትደውሉ ብቻችሁን ዋሉ አምሹ። መሰልቸቱ የሚቻል ዓይነት ነው ወይስ ግድግዳው የሚያፍን ዓይነት፣ በአንድ ማታም ቢሆን የሚታወቅ ነገር አለ።

ክፍል ስታዩ በሩን ዝጉና አልጋው ላይ ትንሽ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የጎረቤት ቲቪ ይሰማል? መስኮቱ ሰማይ ያያል ወይስ ከፊቱ ያለውን ግድግዳ? ሻወሩን ክፈቱት፣ ሙቅ ውሃው እስኪመጣ ጠብቁ። ወጥ ቤት ገብታችሁ ፍሪጁን ክፈቱ፣ ፍሪጅ አይዋሽም፣ መደርደሪያው ንጹህ ሆኖ ስም ከተለጠፈበት ህግ ያለው ቤት ነው፣ ሁሉም ተደባልቆ የሻገተ ድስት ካለ እናንተ ናችሁ የምታጥቡት። ሩምሜቶቹን "ከናንተ በፊት የነበረው ሰው ለምን ወጣ" ብላችሁ ጠይቁና እርስ በርስ ከተያዩ መልሱ እሱ ነው።

አሁንም ካልቆረጠላችሁ

ሂሳቡ ሞልቶ፣ ስራው ጥሩ ሆኖ፣ ሆዳችሁ ግን እየፈራ ከሆነ ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሌቪት የሰራውን ልንገራችሁ። ውሳኔ የከበዳቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት ሳንቲም አስጣላቸው፣ ስራ ልልቀቅ፣ ልለያይ፣ ልዛወር የሚሉ ሁሉ ነበሩበት። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ ትልልቅ ውሳኔ ላይ ለውጥ ያደረጉት ባሉበት ከቀሩት የበለጠ ደስተኞች ነበሩ፣ ጥናቱ በ2021 ወጥቷል። ይሄ የሚሰራው ግን ሁለቱ ምርጫ እኩል ሆኖባቸው ለተቸገሩት ነው፣ ሂሳቡ ላልሞላለት ሰው ሳንቲም ብር አይሆንም።

ላጤነት እዚህ ጋ ይክሳል። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያስወጣ የለም፣ የሌላ ሰው ስራ አይፈርስም፣ ባይሆን ሁለት ሻንጣ ይዞ መመለስ ነው። ይሄ ነጻነት የሚሰራው ግን መመለሻውን ቀድሞ ላዘጋጀ ሰው ነው፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይባል የለ። ስለዚ ከመሄዳችሁ በፊት ሶስት ነገር ጻፉ፣ መቼ ቁጭ ብላችሁ እንደምትገመግሙት (ዓመት ተኩል ጥሩ ነው፣ ከዛ ያጠረው ለጓደኛም ለስራም አይበቃም)፣ መጠባበቂያው ስንት ላይ ሲደርስ ሳትከራከሩ እንደምትወጡ፣ እና ምን ቢሆን ተሳክቷል እንደምትሉ። የመጨረሻውን አብዛኛው ሰው አይጽፈውም፣ ከዛ ዓመት ተኩሉ ሲደርስ "ትንሽ ልየው" ይላል፣ ትንሽ ልየው አስር ዓመት ይሆናል።

የማይሄድ ማን ነው? በክሬዲት ካርድ እዳ ሊገባ የሚያስብ፣ ወላጁ ታሞ በየወሩ የሚመላለስ፣ ሂሳቡ የሚሞላው ወደፊት ይመጣል በተባለ ቦነስ ብቻ የሆነ፣ እና ከተማው ሌላ ሰው ያደርገኛል ብሎ የሚጠብቅ። ቤት ወጥቶ ሰው ማግኘት አሁን የሚከብደው ሰው እዛም ይከብደዋል፣ ያውም ስትወጡ ሁሉ ገንዘብ በሚያስወጣ ቦታ።

እሄዳለሁ ካላችሁ ደግሞ ውል ስትፈርሙ ሁለት መስመር ፈልጉ፣ ቀድሞ መውጣት ይቻላል ወይ፣ ለሌላ ሰው ማከራየት ወይ ማስተላለፍ ይፈቀዳል ወይ። ሁለቱም ከሌለ የመጀመሪያውን ውል አጭር አድርጉት፣ ትንሽ ብታስወድዱም። ቁልፍ ስትቀበሉ አንድ ትርፍ አስቀርጹና ለሩምሜት ወይ ለምታምኑት ጎረቤት ስጡ፣ በሩን ዘግተው ውጭ የሚቀሩት ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ስራ ቦታ ፎርም ላይ "ለድንገተኛ የሚደወልለት ሰው" ከተባለ ሌላ ከተማ ያለችውን እናታችሁን ብቻ አትጻፉ፣ በግማሽ ሰዓት ሊደርስ የሚችል ሰው እስክታገኙ አንድ የስራ ባልደረባ ፈቃድ ጠይቃችሁ ጻፉና በኋላ ቀይሩት።